የሰፈራችን ጠፈርተኛ

የሰፈሬ ስም ነፋስ ስልክ ነው። ታላላቆቻችን እንደሚሉት፣ ያለ ሽቦ የሚያነጋግረው የሬዲዮ ጣቢያ በዚህ አካባቢ በተተከለ ጊዜ ሕዝቡ ግራ ተጋባ፤ ስልክ ነው እንዳይባል ሽቦ የለውም፣ ስልክ አይደለም እንዳይባል መልእክት ያደርሳል። እንግዲያው ቃሉን ተሸክሞ የሚሮጠው ነፋሱ ነው ተባለና ነፋስ ስልክ ሆኖ ቀረ። ዛሬ አንድ ሰፊ ክፍለ ከተማ በዚያ ማሽን ስም ይጠራል። እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ለማሽኑ ስም አወጣንለት፤ ሌሊት ሌሊት ጆሯቸውን ደቅነው ምልክቱን ይቀበሉ ከነበሩት ሠራተኞች አንዱን እንኳ በስም የሚጠራልኝ ሰው በሰፈራችን አላጋጠመኝም።

ይህን የምለው በሌላው ላይ ለመፍረድ አይደለም። ከዚህ በታች የማወራው ጥፋት የራሴ ነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ፣ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ቁርስ በምቀምስባት ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ። ቴሌቪዥኑ የመጀመሪያዋን የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይናው የታይዩዋን ማምጠቂያ ጣቢያ በቀጥታ ያሳያል። ሰባ ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ የእርሻውን፣ የደኑንና የውኃውን ሁኔታ ከላይ ሆና የምትመለከት ሳተላይት ነበረች። አብዛኛውን ወጪዋን ቻይና ብትሸፍነውም በሥራዋ የኛም መሐንዲሶች እጅ ነበረበት። ሮኬቱ እሳቱን ተፍቶ ሲነሣ ሻይ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባው ጋብ ሲል አንድ ጥበቃ ሠራተኛ፣ «እሺ፣ አሁን እላይ ወጣች እንበል። ለምን ተመልሳ አትወድቅም?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ዝም አልን። እኔ በኢኮኖሚክስ ዲግሪ ያለኝ ሰው፣ ዝም!

የመለሰላቸው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። እናቱ እንጀራ ጋግራ ለሻይ ቤቱ ታቀርባለች፤ እርሱ ደግሞ በየማለዳው ያደርሳል። ሞሰቡን አስቀመጠና የሻይ ብርጭቆ አነሣ፤ «ይህች መሬት ናት» አለ። አንዲት የክብሪት እንጨት በብርጭቆው ዙሪያ እያዞረ፣ «ጋሼ፣ ትወድቃለች እኮ! ሁልጊዜ እየወደቀች ነው። ነገር ግን ወደ ጎን በሰከንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ስለምትፈተለክ፣ እርሷ ስትወድቅ መሬትም ከሥሯ እየጎበጠች ታመልጣታለች» አለ። ሽማግሌው ብርጭቆውን ተቀብለው ራሳቸው አዟዟሩት፤ ገባቸው። እኔም የዚያን ዕለት ገባኝ።

ወሬው እድራችን ደረሰ። እድራችን ከድንኳንና ከጥሩንባ ባሻገር አልፎ አልፎ ጎበዝ ተማሪዎችን ይሸልማል፤ እኔም ባንክ ስለምሠራ ገንዘብ ያዥ ተደርጌ ተመርጫለሁ። በወሩ ልጁንና ሌሎች ሁለት ተማሪዎችን እናክብር ተባለ። ባነር ታተመ፤ ፎቶግራፉ ከኋላው ከቆመች ሮኬት ጋር። ካባ ተከራየን። ድፎ ተጋገረ፣ ለስላሳ መጣ፣ የድምፅ ማጉያ ተተከለ። ግጥም እንደምሞካክር ስለሚታወቅ የውዳሴው ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። ከግጥሙ ሁለት መስመር ልጥቀስና እፍረቴን ልካፈላችሁ፦

ምድሪቱ ጠበበች፣ ሰማይ አነሰልህ፣
ጨረቃም አጎንብሳ ደረጃ ሆነችልህ፤

ርእሱም «የሰፈራችን ጠፈርተኛ» የሚል ነበር። ሕዝቡ እልል አለ፣ እናቱ አለቀሱ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ስሙም በዚያው ጸደቀ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁን በስሙ የሚጠራው አልተገኘም። «ጠፈርተኛው» ሆነ።

ልጁ በሳምንቱ ቤቴ መጣ። የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ እንጦጦ ወዳለው ኦብዘርቫቶሪ ሊወስዳቸው ይፈልጋል። እዚያ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች እንዳሉ፣ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደሆነ፣ ሥራው የተጀመረው ሌላው ሰው «እብዶች» እያለ በሚስቅባቸው ጥቂት ሰዎች ግፊት እንደሆነ ጨምሮ ነገረኝ። የሚያስፈልገው የአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ የቀን ኪራይ ነው፤ 2,500 ብር። እኔም የገንዘብ ያዥነት ፊቴን ለብሼ፣ «የሽልማቱ በጀት ተዘግቷል» አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ተዘግቷል። ለዝግጅቱ 11,400 ብር አውጥተን ነበርና። ከዚያ ውስጥ ለልጁ በእጁ የደረሰው አንድ ዋንጫና አንድ የምስክር ወረቀት ነው። ካባው የኪራይ ስለነበረ በማግሥቱ መልሰነዋል።

የዚያ ዝግጅት ደረሰኞች ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ አንድ ማኅበረሰብ የራሱን ሰው ሲያከብር ምን ማድረግ አለበት የሚለው ጥያቄ ለእኔ የሒሳብም ጥያቄ ነው።

ጠፈርተኛ ያፈሩ ትንንሽ ከተሞች ምን አደረጉ? ዋፓኮኔታ የምትባለውን የኦሃዮ ከተማ እንውሰድ። ኒል አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1930 የተወለደው በአቅራቢያዋ ነው። ጨረቃን ረግጦ በተመለሰ ጊዜ፣ በመስከረም 1969፣ ነዋሪዋ 10,000 የማይሞላው ይህች ከተማ በሰልፍና በማርሽ ባንድ ተቀበለችው። እስከዚህ ድረስ ከእኛ ባነርና ድፎ ብዙም አይለይም። ነገሩ የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው። የግዛቱ መንግሥት ለሙዚየም 500,000 ዶላር መደበና ሕዝቡም የበኩሉን እንዲያዋጣ ጠየቀ፤ ሕዝቡም አዋጣ። (መዋጮ የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር!) ሙዚየሙ የተከፈተው ሰው ጨረቃን በረገጠ ልክ በሦስተኛው ዓመት፣ ሐምሌ 20 ቀን 1972 እ.ኤ.አ. ነው።

እኔን የገረመኝ በውስጡ ያስቀመጡት ነገር ነው። ከዋነኞቹ ቅርሶች አንዷ የጄሚኒ 8 መንኮራኩር ናት፤ ራሷ፣ ቅጂዋ አይደለችም። አርምስትሮንግና ዴቪድ ስኮት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1966 በእርሷ ወጥተው በጠፈር ላይ ሁለት መንኮራኩሮችን ለመጀመሪያ ጊዜ አገናኙ። ጥቂት ቆይቶ ግን አንዱ የማስተካከያ ሞተር አልጠፋ አለና መንኮራኩሯ እንደ እንዝርት ትሽከረከር ጀመር፤ በሰከንድ አንድ ዙር ያህል። ሁለቱም ራሳቸውን ሊስቱ ምንም አልቀራቸውም። አርምስትሮንግ ለመመለሻ የተቀመጡትን ትንንሽ ሞተሮች አስነሥቶ አረጋጋት፤ ጉዞውም በዚያው ተቋርጦ ወደ ምድር ተመለሱ። እንግዲህ ይህ በግማሹ የከሸፈ ጉዞ ነው። የትውልድ ከተማው ሰዎች ይህን ሳይደብቁ መሀል ላይ አቆሙት። በረራ የተማረባት ትንሿ አውሮፕላንም እዚያው አለች፤ ልጁ የመኪና መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው የአብራሪነት ፈቃድ ያገኘ ነበር። እዚያ የሚገባ ሕፃን «ጨረቃ አጎነበሰችለት» የሚል ነገር አይሰማም። የሚያየው የሰፈሩ ልጅ ምን እንደነዳ፣ ምን እንደተበላሸበትና በእጁ ምን እንዳደረገ ነው።

ሩስያኖቹም አሉ። የዩሪ ጋጋሪን አገር ግዝሃትስክ፣ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1968 በአውሮፕላን አደጋ በሞተ በዚያው ዓመት ስሟን ለውጣ «ጋጋሪን» ተባለች። ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን የከተማ ስም መለወጥ እኛም እናውቅበታለን፤ አደባባይና ትምህርት ቤት ስንሰይም የኖርን ሰዎች ነን።

የኛስ? ከኢትዮጵያ ተወልዶ ወደ ጠፈር የወጣ ሰው እስካሁን የለም። በልጅነታችን ግን አለ ብለን እንምል ነበር፤ ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ። «ጨረቃ ላይ የወጣው ኢትዮጵያዊ» ብሎ የነገረኝን የክፍል ጓደኛዬን አስታውሰዋለሁ፤ እኔም ሳላጣራ ለሌሎች አስተላለፍኩት። እውነቱ እንዲህ ነው፤ ቅጣው የተወለዱት በየካቲት 1940 ዓ.ም. በከፋ ቦንጋ ነው። ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ገብተው ተማሩ፣ ጃፓን ሄደው ሂሮሺማ ላይ ቀጠሉ፣ ከዚያ አሜሪካ ተሻግረው በጠፈር መርሐ ግብሮች ላይ የመንኮራኩርና የሳተላይት ሥርዓት መሐንዲስ ሆኑ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወደ ስደት ፖለቲካ ገቡ፤ በጥር 1998 ዓ.ም. በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው እዚያው አሜሪካ አረፉ። ጨረቃ ላይ አልወጡም። ሌሎች ስለሚወጡባቸው ነገሮች ሲያሰሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

ይህ ለእኔ ከተረቱ ይበልጣል። እስቲ የባሕር ዳሩን ነገር አስቡት። ያ ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተ ነው፤ ጋጋሪን ከመጠቀ ሁለት ዓመት በኋላ። ሶቭየቶች በጣና ዳር ባቆሙት ትምህርት ቤት የተማረው የቦንጋ ልጅ፣ የሶቭየቶች ተፎካካሪ በሆነችው አገር የጠፈር ሥራ ውስጥ ገባ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ልጅ ሊከተለው የሚችል መንገድ አለ፤ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ የውጭ ዕድል፣ ከዚያ ረጅም ስሌት። «ጨረቃ ላይ ወጣ» በሚለው ውስጥ ግን መንገድ የለም፤ ተአምር ብቻ ነው። ውዳሴያችን ሰውየውን እላይ ሰቅሎ መሰላሉን ያነሣበታል። ለሻይ ቤቱ ልጅ የጻፍኩት ግጥምም ያደረገው ይህንኑ ነው። በሻይ ብርጭቆና በክብሪት እንጨት ያሳየንን ትቼ ከጨረቃ ጋር አጋባሁት።

ስማችንማ ከሰዎቻችን ቀድሞ ሰማይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እያንዳንዱ አገር አንዲት ኮከብና የምትዞራትን ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፣ ኢትዮጵያ ኮከቧን «ቡና»፣ ፕላኔቷን «አቦል» ብላ ሰየመች። እንዴት ያለ ስያሜ ነው! ኮከቧ ከእኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች፤ በባዶ ዓይን አትታይም፣ ደህና ባይኖኩላር ግን ያሳያታል። የምትገኘውም አንድሮሜዳ በተባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ነው፤ ግሪኮች በተረታቸው የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የሚሏት አንድሮሜዳ። ናሳ «ሉሲ» ብሎ የሰየማት መንኮራኩርም ኅዳር 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. «ድንቅነሽ» በተባለች፣ ስፋቷ አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ አስትሮይድ አጠገብ አለፈች። አብራት የምትዞር ትንሽ ጨረቃም ተገኘችና ዲኪካ ላይ በተገኘችው የሕፃን ቅሪተ አካል ስም «ሰላም» ተባለች። እኔ የቦንጋ ተወላጅ ብሆን ኖሮ በብሔራዊ የቡና ሙዚየሙ ውስጥ አንድ ግድግዳ ለዚህ እመኝ ነበር፤ ቡናና አቦል የት እንዳሉ የሚያሳይ የሰማይ ካርታ፣ ከጎኑም የቅጣው እጅጉ ሥራ ምን እንደነበረ ሕፃን በሚገባው ቋንቋ። የነሐስ ሐውልት አያስፈልግም። ሐውልት ቢጠይቁት አይመልስም።

የእድራችን ሊቀ መንበር ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው፣ «ልጄ፣ እናቱ ስታለቅስ አላየህም? ያ ካባ ለእርሷ ነው» አሉኝ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ሃያ ዓመት በጭስ ዓይናቸው የጠፋ እናት ልጃቸው ካባ ደርቦ ሕዝብ ሲያጨበጭብለት ማየታቸው ዋጋ አለው፤ ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል። ካባው ይቅር አልልም። የምለው 11,400 ብር ለእናት እንባ ከበቃ፣ 2,500 ብር ለልጁ ጥያቄ እንዴት አይበቃም ነው። ሌላ ሰውም «እድር ለቀብር ነው» አለኝ። እሱንስ እሺ፤ ታዲያ ባነሩን ከየትኛው የቀብር ሒሳብ አወጣነው?

ልጁ ግን እኛን ሳይጠብቅ አንድ ነገር አደረገ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በጨረቃ ተጋረደች፤ ላሊበላ ላይ የእሳት ቀለበት ሆና ታየች፣ አዲስ አበባ ላይ በከፊል። እሑድ ማለዳ ነበር፣ የወረርሽኙ ወራት። ልጁ የጫማ ካርቶን በመርፌ በስቶ፣ የሰፈሩን ልጆች ማስክ አስደርጎ በየተራ ፀሐይን በካርቶኑ ውስጥ አሳያቸው። ቀጥሎ ወደ አንድ ዛፍ ጥላ ወሰዳቸው። በቅጠሎቹ መሀል የሚያልፈው ብርሃን መሬት ላይ መቶ ትንንሽ የተቆረሱ ፀሐዮችን በትኖ ነበር። እኔ በረንዳዬ ላይ ቆሜ አየሁት። የዚያን ዕለት ወጪው የአንድ መርፌ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልናገር። ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ የፈለገው የትምህርት ክፍል አልደረሰውም፣ በሁለተኛው ዓመት እናቱ ታመሙና ተመለሰ። አሁን በአንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ይሠራል፤ የሱቁን የዕለት ሽያጭ ወደ ባንካችን የሚያመጣው እርሱ ነው። (የደንበኛ ምስጢር መጠበቅ ግዴታዬ ስለሆነ ስለ ሒሳቡ አንዲት ቃል አልተነፍስም።) መጀመሪያ በመስኮቴ ፊት የቆመ ቀን ደስ ብሎኝ፣ ሰው እየሰማ፣ «እንዴት ነህ ጠፈርተኛው!» አልኩት። ገንዘቡን እየቆጠረ ነበር። ቀና ሳይል፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ያንን ስም ይተዉልኝ» አለኝ።

ያንን ዓረፍተ ነገር ይዤ ቤቴ ገባሁ። ግጥሙን ከደብተሬ አልቀደድኩትም፤ ይቀመጥ፣ ይመስክርብኝ። በዚህ ዓመት የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ግን አንድ የወጪ መስመር እንዲገባ ጠየቅሁ፤ የልጆች ጉዞ ወደ እንጦጦ፣ አንድ ቅጥቅጥ፣ በዓመት አንድ ጊዜ። ኪራዩ ከዚያን ጊዜው በብዙ እጥፍ ንሯል፤ ረጅም ክርክር ተደረገ፤ የባነሩ ወጪ ቀርቶ ይተካ ተባለና በጠባብ ልዩነት አለፈ።

ባለፈው ሰኞ ልጁ እንደ ልማዱ መጣ። ደረሰኙን ማኅተም አድርጌ እየሰጠሁት፣ በስሙ ጠርቼ፣ ስለ ጉዞው ነገርኩት፤ አብሮን ቢመጣና ለልጆቹ ቢያስረዳ ብዬ ለመንኩት። ደረሰኙን አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ቅዳሜ ሱቅ ክፍት ነው» አለ። ጥቂት ዝም አለና፣ «ስንት ልጆች ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ሃያ ስምንት።»

«ሹራብ ያስይዟቸው ጋሼ። እንጦጦ ላይ ያለው ብርድ አይቻልም» ብሎ ወጣ። ቀጣዩ ተረኛ መጣ።